ውሃ እንዳይነካው

ይኸን ታሪክ እስካሁን ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። በመጀመሪያው ላይ ጥፋቱ የእማሆይ ነበር። በሁለተኛው ላይ ጥፋተኛ የሚባል ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ሁሉ እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ ነበር የሚመስለው። ይኸ ሦስተኛው ነው። መጻፍ እንደምችል ያወቅሁት ዘንድሮ ነው፤ ደስታው ገና አልለቀቀኝም፤ ብዕር ስይዝ እጄ ይሞቃል። ግን አሳምሮ መጻፍ የቻለ ሰው አሳምሮ መዋሸትም እንደሚችል በሁለቱ ጽሑፎች ስላየሁ፣ ይኸኛውን ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ቤታችን ቡሬ ነው። አባቴ ጤፍ ነጋዴ ነው። እናቴ፣ በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴና እማሆይ አሉ። እማሆይ የአባቴ አክስት ናቸው፤ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ደፍተው እኛ ዘንድ ገቡ። የአዊ ሰው ናቸው። ሲቆጡ በአማርኛ ይጀምሩና በአገውኛ ይጨርሱታል፤ መጨረሻውን ከአባቴ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሱም አይተረጉምልንም።

እኔ ደግሞ የቤቱ አፍ ነበርሁ። አባቴ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ከባርኔጣው ጋር የሚናገረውንም አብሮ ያወልቀዋል። እናቴ ታለቅሳለች። እኔ አሥረኛ ክፍል ነኝ፣ ባዮሎጂ እወዳለሁ፤ ስለዚህ "አንቺ ጠይቂልን" እባላለሁ። ይኸን እወደው ነበር። ሐኪም ዞር ብሎ እኔን ሲያነጋግረኝ ትከሻዬ ሰፋ ይላል።

የእህቴ ሕመም ከድድ ነው የጀመረ። ድዷ አብጦ ጥርሷን ሊውጠው ደረሰ፤ ስትቦርሽ ደም ትተፋለች። የጥርስ ነው አልን። ቀጥሎ ማንም ሳይነካት ቅልጥሟና ክንዷ ላይ ሰማያዊ ምልክት ይወጣባት ጀመር።

"ማን መታሽ?" አልኋት።

"አንቺ ነሻ! ተኝተሽ እንደ በቅሎ ስትራገጪ ነው የምታድሪው" አለችኝ። አንድ አልጋ ነው የምንተኛ።

ትኩሳት ሲጨመርበት ቀልዱ አለቀ። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወስደን አስተኛናት።

ደሟን የመረመረው የላብራቶሪው ሰውዬ አንድ ጊዜ አይቶ ተነሳ። መነጽሩን ጠረገ፤ ደግሞ አየ። ከዚያ ሐኪሙን ጠራ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ አቆመንና፣ ነጭ የደም ሴሎቿ ሳይበስሉ እየወጡ ደሙን እንደሞሉት፣ ይኸም አጣዳፊ የደም ካንሰር እንደሆነ ነገረን። እናቴ ወንበር የሌለበት ቦታ ላይ ተቀመጠች።

"መድኃኒት አለው?" አለ አባቴ። ያን ቀን እኔን አልጠበቀም።

"እንደ ዓይነቱ ነው፣ ጋሼ። የደም ካንሰር ስሙ አንድ ይሁን እንጂ አንድ በሽታ አይደለም። አንዱን የሚያድነው ለሌላው አይሠራም። ሳንለይ ብንጀምር ልንጎዳት እንችላለን። እሷ ደግሞ እየደማች ነው፤ ብዙ ጊዜ የለንም።"

"እንደ ጤፍ ማለት ነው" አለ አባቴ።

ሐኪሙ ግራ ገባው። አባቴ መዳፉን ዘርግቶ በሌላው እጁ አውራ ጣት አሸት አሸት አደረገ። ገበያ ላይ ማኛውን ከነጩ፣ ነጩን ከሰርገኛው የሚለየው እንዲያ ነው። "ለማያውቅ ሰው ሁሉም ጤፍ ነው።"

"ልክ ነው፤ እንደ ጤፍ" አለ ሐኪሙ። "ይኸን በዓይኗ የምትለይ ሐኪም ባሕር ዳር አለች። ከመቅኒዋ ወስደን እንልክላታለን።"

መቅኒውን ከዳሌዋ አጥንት በወፍራም መርፌ ሳቡት። እኔ ከበሩ ውጭ ነበርሁ። እህቴ ልጅ ሆና ክንዷ ሲሰበር እንኳ ያልጮኸች ናት፤ ያን ቀን ጮኸች። እስካሁን በሩ ላይ የነበረው የቀለም ስንጥቅ ይታወሰኛል፤ ዓይኔን እሱ ላይ ነበር የተከልሁ።

የላብራቶሪው ሰውዬ መቅኒውን ስላይድ በሚሉት ስድስት ስስ መስታወት ላይ ቀባውና፣ ካደረቀው በኋላ በትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ደርድሮ ሰጠኝ። ለእናቴም ለአባቴም አይደለም፤ ደብተር ይዤ የቆምሁት እኔ ስለነበርሁ ለእኔ ነው የሰጠኝ።

"ጻፊ" አለኝ። "ይኸ ገና ጥሬ ነው፤ ማቅለሚያ አልገባበትም። ሳጥኑ አይከፈት። ፀሐይ አይምታው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃ እንዳይነካው። ጠብታ ውሃ ካገኘው ሴሎቹ እንደ ፊኛ ነው የሚፈነዱ።"

ጻፍሁት። "ውሃ እንዳይነካው" የሚለው ሥር ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት። ደብተሩ ዛሬም አለ፤ መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ በማስመሪያ ነው ያሰመርኋቸው።

እናቴ ከእህቴ ጋር ቀረች። እኔና አባቴ በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ ቡሬ ገብተን አደርን።

ስለ እማሆይ ጠርሙስ እዚህ ላይ ካልተናገርሁ ቀሪው አይገባም። በራስጌያቸው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ የጠበል ጠርሙስ አለ። በቤታችን ያንን "ውሃ" ብሎ መጥራት ክልክል ነው። ልጅ እንኳ ቢሳሳት ይታረማል፤ ጠበል ጠበል ነው እንጂ ውሃ አይደለም። አንድ ቀን እኔ የኬሚስትሪ ፈተና አሥር ከአሥር ባመጣሁ ሰሞን፣

"እማሆይ፣ ይኸ እኮ ኤች ቱ ኦ ነው" አልኋቸው።

"ምን አልሽ አንቺ?"

"ሁለት ሃይድሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን።"

እማሆይ በጣታቸው ቆጠሩ። "ሁለትና አንድ፣ ሦስት። እሰይ! ደክመሽ ደክመሽ ሥላሴ ዘንድ ደረስሽ!"

እህቴ በሳቅ አልጋው ላይ ተንከባለለች። እኔ ግን ተሸነፍሁና ቂም ያዝሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጠርሙሱ በተነሳ ቁጥር ከንፈሬን አጣምማለሁ። እህቴ ስትታመምም እማሆይ ሊረጩዋት ሲነሱ "ድዷ ቁስል ነው፣ ኢንፌክሽን ይሆንባታል፣ አይነካትም!" ብዬ መንገድ የዘጋሁባቸው እኔ ነኝ። ጠርሙሱን በጨርቁ መልሰው ሲሸፍኑ ቀና ብለው አላዩኝም። ያንንም አይቻለሁ።

በማግስቱ ማለዳ እማሆይ ለኪዳን ወጥተዋል። አባቴ መንገዱ ክፍት መሆኑን ሊጠይቅና ሚኒባስ ላይ ቦታ ሊይዝ መነኸሪያ ሄዷል። ብቻዬን ነኝ። ሳጥኑን ከፈትሁት። ለማየት ብቻ ነበር፤ ግን አይከፈት የተባለ ነው። እያንዳንዱ መስታወት ላይ የጥፍር ስፋት ያላት የደበዘዘች ነገር ተለጥፋለች። ያ ሁሉ ጩኸት ለዚች ነበር? ትንፋሼ ቢያገኛት የምትጠፋ መሰለኝ። ይቺ እህቴ ናት አልሁ።

ያሰመርሁበት ቃል ትዝ አላለኝም ብል ውሸት ነው፤ ትዝ ብሎኛል። ትዝ ብሎኝ፣ ልክ እንደ እማሆይ ሆኜ፣ "ጠበል ደግሞ ውሃ አይደለም" አልሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ስስቅበት የኖርሁትን ቃል በዚያች ደቂቃ ሙሉ በሙሉ አመንሁት። የሚያሳፍረኝ ማመኔ አይደለም። እማሆይ ሲያምኑ ከልክዬ፣ እኔ ስፈራ ጊዜ ተደብቄ ማመኔ ነው። የጠርሙሱን ጨርቅ ገለጥሁ፤ ጣቴን አረጠብሁ፤ በስድስቱም መስታወት ላይ አንድ አንድ መስቀል ሠራሁ። እፍ ብዬ አደረቅሁት። ምንም አልተለወጠም። ሳጥኑን ዘጋሁ። አባቴ ከደጅ "ነይ እንጂ!" ሲል የጠርሙሱን ክዳን ጣል አድርጌ ሮጥሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሳጥኑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ያዝሁት። ዱርቤቴ የገበያ ቀን ነበር፤ ከብቱ መንገዱን ሞልቶት ቆምን። ከጎኔ የተቀመጡ ዶሮ ያቀፉ እናት ሳጥኑን አይተው፣

"መነጽር ነው፣ እናቴ?" አሉኝ።

"የእህቴ መቅኒ ነው።"

ሚኒባሱ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ከፊት እስከ ኋላ "እግዜር ይማራት" የሚል ድምፅ እየተቀባበለ ሄደ። ዶሮዋ ሳትቀር አንገቷን አወጣች። ልቤ ሞላ። ጥሩ ነገር የሠራሁ መሰለኝ።

ባሕር ዳር ያለችው ሐኪም ከጠበቅኋት በላይ ወጣት ነበረች። ሳጥኑን ተቀብላ ገባች፤ እኛ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ቀረን። ከረጅም ጊዜ በኋላ አንዱን ስላይድ በጓንት እጇ ይዛ ወጣች። ማቅለሚያ ገብቶበታል፤ ወይን ጠጅ ሆኗል። ወደ መስኮቱ አዞረችው።

መሃሉ ላይ ነጭ መስቀል ነበር።

"ስድስቱም እንዲህ ነው" አለች። "ማን ነው የነካው?"

አባቴ አየው። ከዚያ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። "እማሆይ!" አለ። "ቤት መነኩሲት አሉን፣ ዶክተር። እሳቸው ናቸው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል።"

እኔ ዝም አልሁ።

እዚህ ላይ "ልናገር ስል አቋረጡኝ" ብዬ ጽፌ ነበር፣ በሁለተኛው ጽሑፍ። ማንም አላቋረጠኝም። ሐኪሟ አየችኝ፤ ሙሉ ጊዜ ነበረኝ።

"ጠላት ያደረገው አይደለም፤ ይገባኛል" አለች ለአባቴ። "ግን ሴሎቹ ፈንድተዋል። ዳር ዳር የተረፉት አንዱን የካንሰር ዓይነት ይመስላሉ፤ ግን በጣም የሚመስለው ሌላ ብርቅ ዓይነት አለ። ሁለቱ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። በዚህ ላይ ተመሥርቼ ስም አልሰጥም። ልጅቷን አምጧት፤ እንደገና እንወስድላታለን። ቶሎ።"

እንደገና። በሩ ላይ ያለው የቀለም ስንጥቅ ታየኝ።

አባቴ ደጅ ወጥቶ ደወለ። ጆሮው ስለሚከብደው ስልኩን ሁልጊዜ ድምፁን ከፍቶ ነው የሚያወራ። በዕድሜዬ እማሆይን ቀና ብሎ ሲናገራቸው ሰምቼ አላውቅም።

"እማሆይ፣ ምን አደረጉን? መስታወቱን በምን ነክተው ነው? ልጅቷን እኮ ዳግመኛ ሊወጓት ነው!"

ስልኩ የተቋረጠ መስሎት አባቴ ሊያየው ሲል ድምፃቸው መጣ፤ ቀጭን ነበር።

"እኔ ነኝ፣ ልጄ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር ለእግዜር።"

ያልሠሩትን። ሳጥኑን እንኳ በዓይናቸው አላዩትም። አሁንም ግን እውነቱን አላወጣሁም። ውሸት መናገር አላስፈለገኝም፤ ሌሎች ተናገሩልኝ።

በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ሁለት ቀን ተዘጋ። እናቴና እህቴ ሲደርሱ እህቴ አፍንጫዋ ውስጥ ጥጥ ነበረባት፤ ጥጡ ቀይ ነበር። ደረጃውን በአባቴ ጀርባ ነው የወጣች። እንዲያም ሆና፣

"ምንድነው፣ አንድ ጉድጓድ አልበቃቸውም? ነዳጅ ነው የሚፈልጉት?" አለች።

በሁለተኛው ጊዜ እጇን ያዝሁላት። ሲወጓት አልጮኸችም፤ ጣቴን ነው የጨመቀችው፣ መስቀል የሠራሁበትን ጣት። እሷ ግን አታውቅም። ሲያልቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አባቴ ስልኩን ይዞ መጣ፤ እማሆይ ድምጿን ሊሰሙ እየለመኑ ነው።

"አላናግራቸውም" አለች። "ብሞትም ለቅሶዬ ላይ እንዳይቆሙ።"

እናቴ "ተይ ልጄ!" አለች። ስልኩ ድምፁ ክፍት ነበር። እማሆይ ሰምተዋል።

ያን ቀንም አልተናገርሁም። ይኸን ዓረፍተ ነገር ከሁሉ አስቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ፤ ግን እጄ እስኪለምደው ወደ ታች ወረደ።

በማግስቱ ከሰዓት በፊት ሐኪሟ "የቤተሰቡ አስተርጓሚ የታለች? ነይ እስቲ" ብላ ወደ ማይክሮስኮፑ ወሰደችኝ። ዓይኔን አስጠጋሁ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ነው ያየሁ፤ ቀጥሎ ጠራ። ወይን ጠጅ ክቦች፣ በየውስጣቸው መሃሉ ላይ የተሰረጎደ ነገር፣ ልክ ሁለት ባቄላ ጎን ለጎን የተጣበቀ የሚመስል።

"ይኸ ነው የሚያሳስተው" አለችኝ። "ላይ ላዩን የሌላው ዓይነት መልክ አለው፤ የራሱ ምልክት ያለው አይመስልም። አሁን ይቺን ተመልከቺ።" መስታወቱን ትንሽ ገፋችው። በአንዲቱ ሴል ውስጥ ቀጫጭን ዘንጎች ተከማችተዋል፣ እንደ ታሰረ የጭራሮ ሸክም። "አገኘኋት። ብዙ ፈልጌ ነው። ደሟ የማይረጋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ለማረጋገጫ ናሙና ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ፤ መድኃኒቱን ግን ዛሬውኑ እንጀምራለን። ይኸኛው ዓይነት፣ ከደረሱበት፣ ከሁሉም የተሻለ መዳኛ ያለው ነው። የሚዋጥ ነው፤ ከቪታሚን ኤ ወገን።"

ደስታው ከእግሬ ነው የመጣ። ልዘል ነበር። ሐኪሟ ፈገግ አለችና፣

"ከተበላሸው ስላይድ ዳር ብፈርድ ኖሮ ሌላውን ነበር የምለው" አለች። "እንግዲህ እማሆይን አትቆጧቸው። የኔም እናት ቢሆኑ ያደርጉት ነበር።"

"እማሆይ አይደሉም" አልሁ።

ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

"ሳጥኑን የሰጠሽ ሰው ውሃ እንዳይነካው አላለሽም?"

"ብሎኛል። አስምሬበታለሁ።"

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ ቁጣ ይሻለኝ ነበር። ጓንቷን ቀስ ብላ አወለቀች። "ለኔ አይደለም የሚነገረው" አለች። "የእህትሽን ክፍል ታውቂዋለሽ።"

እህቴ ትራስ ተደግፋ የመጀመሪያውን ኪኒን በመዳፏ ይዛ ታየዋለች። "ካሮት ነው አሉኝ" አለች። አባቴና እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ናቸው። ቆሜ ነገርኋቸው። ጠርሙሱን፣ ጣቴን፣ ኮሪደር ላይ ዝም ማለቴን፣ ሁሉንም። አባቴ መዳፉን ዘርግቶ ያየው ጀመር፤ ምንም የሌለበትን መዳፍ። ዕድሜውን ሙሉ እህል ሲለይ ኖሮ ልጁን አልለየም።

እናቴ "አንቺ ነሽ?" ብቻ አለች።

እህቴ ኪኒኑን ዋጠች። ውሃ ጠጣች። ከዚያ "ደውይላቸው" አለችኝ።

ደወልሁ፤ ድምፁን ከፈትሁት፤ ሁሉም እየሰሙ ተናገርሁ። እማሆይ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"አውቄዋለሁ" አሉ። "ከኪዳን ስመለስ ጨርቁ መሬት ወድቋል፤ ክዳኑ አልገጠመም። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ክዳን ገጥመሽ አታውቂም። የዘይቱም የጋዙም እንዲሁ ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ፣ እማሆይ? ለምን እኔ ነኝ አሉ?"

"አንቺ የቤቱ አፍ ነሽ። አፍ ውሸታም ከተባለ ቀሪው አካል በምን ይናገራል? ልጅቷ ገና ስንት ሐኪም ፊት ትቀርባለች። የኔን ስም ተዪው፤ እኔ ቆብ ስደፋ ስሜን ትቼው የመጣሁ ሰው ነኝ።"

አባቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደና "እማሆይ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ። እህቴ ደግሞ ከትራሷ ላይ፣ "እማሆይ፣ ለቅሶው ተሰርዟል" ብላ ጮኸች። እሳቸው በአገውኛ የሆነ ነገር አሉ። ያን ጊዜ አባቴ ተረጎመልን፤ "ምላስሽ አልታመመም ማለት ነው" ነው ያሉት።

ቡሬ ስንመለስ ግቢ ሳልገባ ከመንገድ ዳር ድንጋይ አነሳሁ። በኛ አገር ይቅርታ ለማኝ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ነው በተበዳዩ ደጅ የሚቆም። እማሆይ ከበሩ ወጥተው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

"ይቺን ነው የተሸከምሽ?"

"አዎ፣ እማሆይ።"

"በይ መልሰሽ ትልቅ አምጪ። ይቺ ለነጭ ሽንኩርት መውቀጫም አትሆን።"

ሄጄ ትልቅ አመጣሁ። ትከሻዬን እስኪያመኝ አቆሙኝ፤ ከዚያ ራሳቸው አወረዱልኝ። ድንጋዩ አሁን ደጃችን ላይ አለ፤ ጫማ እናራግፍበታለን።

መድኃኒቱ ቀላል አልነበረም፤ እህቴ አብጣለች፣ ራሷን ይዛ አልቅሳለች። የአዲስ አበባው ውጤት መጥቶ የሐኪሟን ቃል አጸና። ባለፈው ሐኪሟ ደሟን አይታ "አሁን የሚታየኝ ነገር የለም" አለች። "ድናለች" የሚለውን ቃል ገና አላወጣችውም፤ እኛም አንጠይቃትም። እኔ አሁንም እጽፍላቸዋለሁ፤ ሳጥን ግን ሲሰጠኝ ለአባቴ ነው የማቀብለው።

ይኸን ጽሑፍ መጀመሪያ ያነበበችው እህቴ ናት። አልጋችን ላይ በሆዷ ተኝታ እስከዚህ ድረስ አነበበችው። "ልክ ነው" አለች። "አንድ ነገር ዘለሽ።" ዞር ብላ ልብሷን ከወገቧ ከፍ አደረገች። ዳሌዋ ላይ ሁለት ትንንሽ ጠባሳዎች አሉ፣ በሁለት ጣት ርቀት።

"ይኸ የሐኪሙ ነው" አለችኝ። "ይኸኛው ያንቺ ነው። እሱንም ጻፊው።"

ጻፍሁት።